ለሌለው አይብ

ልጄ ሥጋ ከተወች ሦስት ክረምት አለፈ፤
ከገበታዬ ዳር ወንበሯ ታጠፈ።
እኔ ፊርሚን ነኝ፤ በጌንት ከተማ
አርባ ዓመት ቆራጭ፣ የጎድንና የጮማ።
ጡረታ ብወጣም ዓይኔ ገና አልወጣም፤
በግ ሲግጥ ባየ ቁጥር ብልት መቁጠር አያጣም።

እሷ ግን፣ ሎብኬ፣
ከሥጋ ቤቱ ወለል ላይ ዳዴ ብላ ያደገች፣
አንድ ማለዳ "በቃኝ" ብላ ተነሣች።
ወተቱም ቀረ፣ እንቁላሉም፣ ማሩም።
ዐቢይ ጾም መስሎኝ ፋሲካን ጠበቅሁ፤
ፋሲካም መጣ፣ አለፈ፤ እሷ ግን አልፈታችም፤
እኔም "ለምን?" ብዬ በቀስታ አልጠየቅሁም፤
ጮህኩባት።
ከዚያ ወዲያ በኔ ቤት ውሃ እንኳ አልጠጣችም።

በጥቅምት፣ ዝናቡ የትራሙን ሐዲድ ሲያጥብ፣
ደወልኩላት፦ "ፒዛ ቤት አገኘሁ፣ ከወንዙ አጠገብ፤
መስኮቱ ላይ ቅጠል አለ፤ አላቸው ላንቺ የሚሆን ምግብ።"
ዝም አለች። ጉሮሮዋን ጠረገች። "እሺ" አለች።
በሰዓቷ፣ ጃኬቷ ርሶ፣ መጣች።

ቤቱስ ያምር ነበር። ከጣራው ሐረግ ወርዷል፤
ዳሰስኩት፤ ፕላስቲክ ነው፣ አቧራ ጠግቧል።
ከሠላሳው ፒዛ መሀል አንዲቷ ብቻ ናት የሷ፣
ከግርጌ ተሸጉጣ፣ ቅጠል ደፍታ በራሷ።

አስተናጋጁ ቀረበ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ፤
"የካሹ አይባችን አልቋል" አለ፣ ወዲያ ተመልክቶ።
"ሊጡስ?" ብለው፣ "ጠይቄ ልምጣ" ብሎ ጓዳ ገብቶ፣
ሩብ ሰዓት ቆይቶ፣
"ወተት ያለበት አይመስለኝም" አለ ተመልሶ መጥቶ።
አይመስለኝም!
እኔ በአርባ ዓመት ሥራዬ
"ይህ በግ ይመስለኛል" ብዬ ሸጬ አላውቅም።

ፒዛው መጣ። ጠርዙ ከሰል፣ መሀሉ ገና ሊጥ፤
ቲማቲሙ ውሃ፣ ሲያዘነብሉት የሚያመልጥ፤
ሦስት የወይራ ፍሬ፣ እንደ ተኳረፈ ጎረቤት ፊት የማይሰጣጥ።
"ደህና ነው" አለች ሎብኬ፣ ለኔ ብላ መሰለኝ፤
ቁራሿን ወደ አፏ ስታነሣ ግን አንድ ነገር ሸተተኝ።
ጢስ። የአሳማ ጭን፣ በጢስ የታሸ፣
ከሌላ ሰው ራት፣ በሌላ ሰው ቢላ ወደዚህ የሸሸ፤
ከወይራው ሥር፣ ጥፍር የምታህል፣ ሮዝ።

ዝም ብልስ? ማን ያያል? ትንሽ ናት፤ ትዋጣለች፤
ጣዕሙ ምላሷን ቢነካው፣ ልጄ ወደ እኔ ትመጣለች።
አንድ ቅጽበት። አልዋሽም። አሰብኩት።

ከዚያ ያ "ግማሽ ኪሎ ይጨመር?" ሲል የኖረ አፍ
"አትብዪው!" ብሎ ጮኸ፤ ዞረብን ሰዉ ሁሉ በሰልፍ።

ይቅርታ ጠየቁ፤ ሒሳቡ ግን አልቀረም፤
ተጽፏል፦ "አይብ በሌላ ሲለወጥ፣ ሁለት ዩሮ"።
ላልነበረው! ለሌለው አይብ!
እኔም ኃጢአተኛ ነኝ፤ ስንት ቀን
አውራ ጣቴ ከሚዛኑ ላይ አርፏል፤
ግን ከጣቴ ሥር ሁሌም ሥጋ ነበር።

ውጭ ዝናቡ አላባራም። ማዶ ድንች ሲጠበስ ይሸታል፤
"ልጋብዝሽ" ልል ስል ዘይቱ ትዝ አለኝ፤ የበሬ ሞራ መሆኑ መች ይረሳል፤
ለሰውዬው ሃያ ዓመት ያቀረብኩት እኔው ነኝ፤ ታዲያ ምን ይባላል?

ከትራም መጠበቂያው ሥር ቦርሳዋን ከፈተች፤
በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ፣ ባቄላ የተቀባ፣ አወጣች።
"ይዘሽ ነው የመጣሽ?"
"ሁሌም ይዤ ነው የምወጣው።"
"እንደማይሆን ታውቂ ነበር?"
ትከሻዋን ሰበቀች። "አንተ ጠርተኸኝ ነዋ።"

ቆረሰችው። ትልቁን ለኔ ሰጠች፣ እንደ እናቷ።
"ጨው አንሶታል" አልኳት።
"ዝም ብለህ ብላ" አለች፣ ዳቦ ሞልቶት አፏ።
አራት ቁጥር ትራም መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ጠበቀን፤
ዘጋ፤
ሄደ።